በሩጫ መካከል የቆመው ሐኪም

ይህ መልእክት መጀመሪያ በሬዲዮ የተላለፈ ነው። ከሰሙት መካከል ብዙዎች "በጽሑፍ ይሁንልን" ስላሉ የንግግር ለዛውን ብዙም ሳልነካ እነሆ አቅርቤዋለሁ። በተለይ የማስበው በጥቁር አንበሳ፣ በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐዋሳና በሌላም ቦታ ሕክምና የምትማሩትን ልጆቻችንን ነው። ግን እናት ብትሆኑ፣ አባት ብትሆኑ፣ ሽማግሌ ወይም የመዘምራን መሪ ብትሆኑ እንዳታስቀምጡት፤ ወደ ኋላ ላይ እናንተም ጋ እመጣለሁ።

አንዲት እኅት አለች። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ያደገች ልጅ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኳን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በክፍል ትምህርት ጨርሳ ገና ዋርድ መግባት የጀመረች ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጣችና ተቀመጠች። ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም። "ፓስተር፣ እኔ እኮ ልቤ የለም" አለችኝ።

ያን ቀን ጠዋት አንዲት አሮጊት እናት ደርሰዋታል። "ሂስትሪ መውሰድ" ይሉታል እነሱ፤ ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደ ጀመረ፣ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ መጠየቅ ማለት ነው። ጠይቃለች፤ ጽፋለችም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራውንድ ሲመጣ ኮንሰልታንቱ "እኚህ እናት ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?" አላት። ባዶ ሆነባት። እንደ ነገሯት ታስታውሳለች፤ ያሏትን ግን አታውቀውም። አሮጊቷ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ራሳቸው መለሱ፤ "ብቻዬን ነኝ። ልጄ ሞተብኝ ብዬ ነግሬያት ነበር እኮ" አሉ።

"ፓስተር፣ 'ልጄ ሞተ' ሲሉኝ እኔ የሰኞውን ፈተና እያሰብኩ ነበር። እጃቸውን ይዣለሁ፣ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ፤ ግን አልሰማኋቸውም" ብላ አለቀሰች።

ሁለተኛም ነገር ነበራት። በዚያው ሰሞን በትምህርት ቤቷ ለፈቃደኛ ተማሪዎች አጭር ሥልጠና ይሰጥ ነበር፤ "ማይንድፉልነስ" ይባላል። ዓይንን ጨፍኖ፣ ቁጭ ብሎ፣ ትንፋሽን መከታተል ነው። ሁለት ጊዜ ሄዳ ትንሽ ረድቷት ነበር። ከፌሎሽፕ ሁለት ጓደኞቿ ሲሰሙ "ይሄ የምሥራቅ ሃይማኖት ነው፤ በር እየከፈትሽ ነው" አሏትና ፈርታ ተወችው። "እና ፓስተር፣ ኃጢአት ነው ወይ?"

ወገኖቼ፣ እውነቱን ልናገር። በድሮ ጊዜዬ ቢሆን ወዲያው እመልስላት ነበር። "አዎ፣ ተዪው፤ ጸሎት ጨምሪ" ብዬ እሸኛት ነበር። አፌን የያዘው አንድ የቆየ ነገር ነው። ገና ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ እንደ ወጣሁ አንድ የሕክምና ተማሪ መጥቶ "እንቅልፍ የለኝም፤ ገጹን አየዋለሁ እንጂ አይገባኝም፤ ደረቴን ያፍነኛል" ብሎኝ ነበር። ምን አዘዝኩለት? የሦስት ቀን ጾምና የዓርብ አዳር። ልጁ አልተከራከረኝም። ጾመ፤ አደረ፤ በሳምንቱ ፈተና አዳራሽ ውስጥ ወደቀ። ያን ዓመት ትምህርቱን አቋረጠ። ጾምን አላቃልልም፤ ዛሬም እጾማለሁ። እናንተ ግን የመድኃኒት መጠን ትማራላችሁ፤ ጥሩ መድኃኒት ያለ ቦታው ሲሰጥ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። እኔ በሽተኛውን ሳላይ ነው ያዘዝኩት። እሷ ከአሮጊቷ ጋር ያደረገችውን እኔም ከዚያ ልጅ ጋር አድርጌዋለሁ፤ ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ አልሰማሁትም።

ስለዚህ "አንድ ሳምንት ስጪኝ" አልኳት። አነበብኩ፤ ሐኪም ወዳጆቼን ጠየቅሁ፤ ጸለይሁ።

ነገሩ ሥሩ የቡድሂዝም ተመስጦ ነው፤ ይህን መደባበቅ አያስፈልግም። ወደ ሆስፒታል ያስገባው ጆን ካባት-ዚን የሚባል አሜሪካዊ፣ በሞለኪውላር ባዮሎጂ የተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሕመማቸው ሥር ሰድዶ ሐኪም ብዙም ሊያደርግላቸው ያልቻለውን ሰዎች ተቀብሎ ማሠልጠን ጀመረ። ሥልጠናው የስምንት ሳምንት ነው። ሃይማኖታዊ ልብሱን አውልቆለታል፤ ስግደትም ምስልም የለበትም። ቁጭ በል፤ ትንፋሽህን ልብ በል፤ አሳብህ ሲሄድ መሄዱን እወቅ፤ ራስህን ሳትሰድብ መልሰው። ይኸው ነው። በ1999 ደግሞ ሮናልድ ኤፕስቲን የሚባል የሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ ሐኪም፣ ይህ ነገር ለበሽተኛው ብቻ ሳይሆን ለሐኪሙም ያስፈልጋል ብሎ በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ጻፈ።

ይህን ሳነብ ግን ፈገግ ያሰኘኝ ቋንቋችን ነው። እናቶቻችን "ልብ በል!" እያሉ አይደለም ወይ ያሳደጉን? ሰው ፊታችን ቁጭ ብሎ "ልቡ እዚህ የለም" እንላለን። ኢሳይያስ ምዕራፍ 29ስ የሚወቅሰው ከንፈሩ ቀርቦ ልቡ የራቀውን አምላኪ አይደለም? አካል እዚህ፣ ልብ እዚያ መሆን የዘመኑ የሕክምና ተማሪ ያመጣው በሽታ አይደለም።

እስቲ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5ን አውጡ። ኢያኢሮስ የምኵራብ አለቃ ነው፤ የ12 ዓመት ልጁ ልትሞት ደርሳለች። ጌታ እግር ሥር ወድቆ ለመነው፤ ጌታም ተነሥቶ አብሮት ሄደ። በእናንተ ቋንቋ ይሄ ኢመርጀንሲ ነው። ሕዝቡ ይጋፋል፤ አባትየው በልቡ "ፍጠን፣ ፍጠን" ይላል። በዚህ መካከል 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረች ሴት ከኋላ መጥታ ልብሱን ነካች። ማርቆስ በብዙ ሐኪሞች እጅ እንደ ተንገላታች፣ ያላትን ሁሉ እንደ ከፈለችና እንደ ባሰባት ሳይደብቅ ጽፎታል። (ሐኪሙ ሉቃስ ግን እዚህ ጋ ለስለስ አድርጎ ነው ያለፋት። የሙያ ነገር ሆኖበት ይሆናል!)

ሴቲቱ ድናለች። ሥራው አልቋል። ጌታ መንገዱን ቢቀጥል ማን ይወቅሰዋል? እሱ ግን ቆመ። የነካው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ደቀ መዛሙርቱ ግራ ገባቸው፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ እየተጋፋው እንዴት እንዲህ ይጠይቃል? ከዚያ ሁሉ ግፊያ ውስጥ የአንዲትን ሴት እጅ ለይቶ አወቀ። እሷም እየተንቀጠቀጠች ወጥታ እውነቱን አንድም ሳታስቀር ነገረችው። እስቲ አስቡት፤ የ12 ዓመት ሂስትሪ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ቆሞ ሰማት። ልጄ ብሎም ጠራት። ኢያኢሮስ እዚያው ቆሟል።

እሱ ገና ከእሷ ጋር እየተነጋገረ ሳለ ነው ልጅቷ ሞተች የሚለው ወሬ የመጣው። ይህን ክፍል ለሕክምና ተማሪዎች ሳስተምር እዚህ ቦታ ላይ ቤቱ ዝም ይላል። ፍርሃታቸው ይኸው ነዋ! "እዚህ ከቆምኩ እዚያ ይሞትብኛል።" እኔ ኢመርጀንሲ ሲጠራችሁ አትሩጡ አላልኩም። መሮጥ ባለባችሁ ጊዜ ሩጡ፤ እናንተ ሙት አታስነሡም። ጌታን ግን ልብ በሉት። ከሴቲቱ ጋር ሲሆን ሙሉ በሙሉ ከሴቲቱ ጋር ነው። ኢያኢሮስ ቤት ሲደርስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከልጅቷ ጋር ነው፤ ጫጫታውን አስወጣ፣ እጇን ያዘ። ከተነሣች በኋላስ? የምትበላውን እንዲሰጧት ነገራቸው። ቤቱ በሙሉ በተአምሩ አፉን ከፍቶ ሳለ ልጅቷ ምግብ እንደሚያስፈልጋት ያሰበ እሱ ብቻ ነው።

ይህን ከእኅታችን ጋር አብረን አነበብነው። ከዚያ በኋላ "ትንፋሽሽን ልብ ማለት ኃጢአት አይደለም" አልኳት። ትንፋሹን እፍ ያለብን ማን ሆነና? ፊዚዮሎጂ የተማራችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ሰው አየር ሲያስገባ የልብ ምቱ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሲያስወጣ በቬገስ ነርቭ በኩል ቀስ ይላል። አየሩን ረዘም አድርጎ ማስወጣት የሚያረጋጋው በምትሐት ሳይሆን ፈጣሪ እንዲያ አድርጎ ስለ ሠራን ነው።

የምንለያይበት ቦታም አለ። አንዳንዱ አስተማሪ ከዚህ አልፎ "እኔ የሚባል ነገር የለም" ወደሚል ትምህርት ይወስዳችኋል፤ እዚያ ጋ "ይቅርታ" ብላችሁ ተነሡ። ትርጉሙን የማታውቁትን ቃል አትደጋግሙ። እኛ ጸጥ ስንል ባዶ ቤት ውስጥ አይደለም የምንቀመጠው፤ ባለቤቱ ቤት አለ። የጓደኞቿ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ ስለ እሷ ስለ ተጨነቁም እወዳቸዋለሁ። ግን ዓሣ የሚበላ ሰው እሾሁን ይለያል እንጂ ዓሣውን አብሮ አይጥልም።

ደግሞ እንነጋገር ከተባለ እኛ ጴንጤዎች ጸጥታ ያስፈራናል። ኪቦርዱ ትንሽ ዝም ሲል አንዱ ቶሎ "ሃሌ ሉያ!" ብሎ ይሞላዋል። "የጽሞና ጊዜ" የሚል ውብ ቃል አለን፤ ጽሞናው ውስጥ ግን ከእኛ በቀር የሚናገር የለም። እኔ ራሴ አምስት ደቂቃ ዝም ብዬ ልቀመጥ የሞከርኩ ቀን ሦስት ጊዜ ስልኬን አንሥቻለሁ።

እኅታችን መጀመሪያ በቀን 30 ደቂቃ ልትቀመጥ ወሰነች። በሦስተኛው ቀን ተወችው፤ በአራተኛው ቀን ስለ ተወችው ራሷን ትወቅስ ጀመር። የሕክምና ተማሪ ሁሉን ነገር ፈተና ያደርገዋል፤ ማረፍም ሳይቀር "ኤ" ሊያመጣበት ይፈልጋል። "ፓስተር፣ በዚህም ወደቅሁ" አለችኝ። "እንግዲያው አዲስ ሰዓት አትፈልጊ፤ ድሮም የምታደርጊው ነገር ውስጥ አስገቢው" አልኳት። ከዚያ በላይ አልገባኝም ነበር። የቀረውን ያገኘችው ራሷ ናት።

እጇን ስታጸዳ ነው ያገኘችው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እጅ በአልኮል ሲታሽ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙናና በውኃ ሲታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል ይላል። በሽተኛውን ከመንካትሽ በፊት፤ ከነካሽውም በኋላ። እነዚያ ሰከንዶች ድሮም የእሷ ነበሩ፤ እጇ ሳኒታይዘሩን ሲያሽ አሳቧ ግን ሦስት አልጋ ቀድሞ ይሄድ ነበር። አሁን እጇን ስታሽ እጇን ታሻለች። ቅዝቃዜው ይሰማታል። እግሯ ወለሉን መርገጡን ልብ ትላለች። አንዴ ረዘም አድርጋ ትተነፍሳለች። ከዚያ የበሽተኛውን ስም በልቧ ትጠራና "ጌታ ሆይ፣ እዚህ ነኝ" ትላለች። ስትጨርስ ደግሞ ያንኑ ታደርጋለች፤ የአንዱን በሽተኛ ጭንቀት ይዛ ሌላው አልጋ ጋ እንዳትሄድ። ሬዚደንቱ "ምን ትጎተቻለሽ?" ሊላት አይችልም፤ መመሪያውን ነዋ የምትከተለው!

አንድ ነገር ግን ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል፤ "ሞከርኩት፣ ልቤ አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆም አለኝ" ትላላችሁ። ልጆቼ፣ ልብ ይሄዳል። ይህን ያስተማሩ ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ልምምዱ መቆየቱ ላይ ሳይሆን መመለሱ ላይ ነው። አሥር ጊዜ ቢሄድ አሥር ጊዜ መለሳችሁት ማለት ነው። ይህን ከእኛ በላይ ማን ሊያውቀው ይገባል? ንስሐ ማለት መመለስ ነው ብለን አይደለም ወይ የምንሰብከው? የጠፋው ልጅ ሲመለስ አባቱ በር ላይ ቆሞ የቀረበትን ቀን አልቆጠረበትም።

"ጊዜ የለንም" የምትሉም ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታችሁ አይታችኋል። ከ2008 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ያሰራጨው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ቅጽ፣ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ቡድኑ ሁሉ እንዲቆም ያዛል። የበሽተኛው ስም፣ የሚሠራው ሥራ፣ የሚቀደደው ቦታ ጮክ ተብሎ ይነገራል። ይህ ጊዜ ማባከን ሳይሆን የተሳሳተ ቦታ ላይ ቢላ እንዳያርፍ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ዊሊያም ኦስለር የሚባለውን ታላቅ ሐኪም ታውቁት ይሆናል፤ ካናዳ ውስጥ ያደገ የአገልጋይ ልጅ ነው። በ1913 በየል ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ሲናገር የመርከብ ምሳሌ ሰጣቸው። ትልቅ መርከብ ውኃ ቢገባበት እንዳይሰጥም ክፍሎቹ በብረት በር ይዘጋሉ። ኦስለር ትናንትንና ነገን እንዲሁ ዘግታችሁ በዛሬው ክፍል ውስጥ ኑሩ አላቸው፤ ቀናቸውንም ጌታ ባስተማረው ጸሎት እንዲጀምሩ መከራቸው። ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 6 ስለ ነገ ካስተማረው ብዙ አይርቅም። የሰኞ ፈተና ቅዳሜ ጠዋት ዋርድ ውስጥ ገብቶ አሮጊቷን የጋረደው ያ በር ክፍት ስለ ነበር ነው።

አሁን አደራዬን ስሙኝ። ይህ እንቅልፍን አይተካም። ሌሊቱን ሙሉ ዱቲ ያደረች ኢንተርን "ተንፍሺ" ሳይሆን "ተኚ" ነው መባል ያለባት። የሥራው ጫና ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ጥፋቱ የተማሪው ልብ አለመሰብሰብ ነው ማለት በደል ነው፤ ጫናው ራሱ መነገር አለበት። ኤልያስን አስታውሱ፤ 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19። ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር ስብከት አላከለትም። መልአኩ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ኤልያስም በልቶ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። ያ ዝግ ያለ ድምፅ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። እንደ ኤልያስ መሞትን የምትመኙ ካላችሁ፣ አንብባችሁ አትለፉ። ዛሬውኑ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። እናንተ ራሳችሁ ነገ ለበሽተኛችሁ የምትሉት ነገር ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስትቀመጡ ፍርሃቱና ትዝታው የሚብስባችሁም ትኖራላችሁ፤ ተዉት፤ አያስገድዳችሁም።

ወደ እናንተ እመጣለሁ ብዬ ነበር፤ ወላጆችና አገልጋዮች። ልጃችን ዶክተር ልትሆን ነው ብለን በጉባኤ መካከል አቁመን እናጨበጭብላታለን። በማግስቱ "ልምምድ ላይ ለምን ቀረሽ? ጌታን ትተሽ ሕክምና ያዝሽ?" እንላለን። እናትም ማታ ትደውልና የሰፈሩን በሽታ ሁሉ ትዘረዝርላታለች፤ "ለእትዬ እገሌ ምን መድኃኒት ይሻላቸዋል?" ትላታለች። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ ተነጋግረን በዋርድ ላይ ያሉት ልጆች የመዘምራን ልምምድ ግዴታቸው እንዳይሆን አድርገናል። እሑድ ከዱቲ ወጥታ የመጣች ልጅ ኋላ ወንበር ላይ ብትተኛ አይቀሰቅሷትም። ስብከቱ እኔ እየሰበክሁ ቢሆንም።

ስለ አሮጊቷ እናት ልንገራችሁ። እኅታችን ሰኞ ፈተናዋን ጨርሳ ወደ ዋርዱ ተመለሰች። እሳቸው ገና አልወጡም። እጇን አሸች፤ ተነፈሰች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እማማ፣ ያን ቀን በደንብ አልሰማሁዎትም ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ስለ ልጅዎ ይንገሩኝ" አለቻቸው። አሮጊቷ ትንሽ ዝም ብለው አይዋትና መናገር ጀመሩ። ውኃ የሚቀዳላቸው እሱ ነበር። ወር በገባ ቁጥር ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን የሚያመጣላቸውም እሱ ነበር። "እሱ ከሞተ ወዲያ ማን ያምጣልኝ የኔ ልጅ፤ አልዋጥኩም" አሏት።

ይህ በካርዳቸው ላይ የትም አልተጻፈም ነበር። ሁሉም መድኃኒቱን እየዋጡ ግፊቱ ለምን አልወርድ እንዳለ ነበር የሚነጋገሩት። እኅታችን እስክሪብቶዋን አወጣችና ጻፈችው፤ ከዚያም ኮንሰልታንቱን ፍለጋ ወጣች።